ጋራዥና መብራቱ፦ በደሴ ተዳፋት ላይ ከመሠረት እስከ ብሬከር

የመጀመሪያውን ጋራዥ ስሠራ ኤሌክትሪሻን የጠራሁት ወለሉ ተሞልቶ፣ ግድግዳው ተለስኖ፣ ቆርቆሮው ተመትቶ ካለቀ በኋላ ነበር። ሰውዬው ገብቶ ዞር ዞር ብሎ አየና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ገመዱ በየት ይግባ?» መልስ አልነበረኝም። ወር ያልሞላውን ኮንክሪት በመሮ አስፈልጬ መስመር አወጣሁለት። የተደፈነበት ጠባሳ ዛሬም አለ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ የሚቋጥረው እዚያ ጋ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ የወንድሜን ስንሠራ ከመብራቱ ጀመርን። እዚህ የምጽፈው ያንን ቅደም ተከተል ነው።

ጋራዥ ስል መካኒክ ቤት ማለቴ አይደለም። በግቢ ውስጥ አንድ መኪና የሚያድርበት፣ ጥግ ላይ የሥራ ጠረጴዛ የሚቆምበት፣ በር ያለው ክፍል ነው። ደሴ ላይ ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ክረምት በረዶው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ማደያውም ግቢ ውስጥ እየገባ ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን የኤሌክትሪክ መኪና ከኮምቦልቻ በሐረጎ ወደ ደሴ ሲመለስ፣ የመንገዱን ርዝመት ትተን ከፍታውን ለመውጣት ብቻ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል። ከ16 አምፔር መስመር የአንድ ሰዓት ቻርጅ ማለት ነው። ሲወርድ ከፊሉን መልሶ ያገኘዋል፤ ዳገት የሚወጣ ሰው ግን ማታ የሚሰካበት ያስፈልገዋል።

መጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ

ዶማ ከመነሳቱ በፊት ጋራዡ ውስጥ ምን ምን እንደሚሰካ ጻፉ። መብራት ትንሽ ነው፤ ሁለት የኤልኢዲ ቱቦ ከ40 ዋት አይበልጥም። መሰርሰሪያ 700 ዋት ገደማ፣ ትልቁ ግራይንደር 2,000 ዋት፣ አነስተኛ ኮምፕሬሰር 1,500 ዋት። ኮምፕሬሰር ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ እንደሚስብ አትርሱ። ኢንቨርተር የሚባለው ትንሹ ብየዳ ማሽን ከ20 እስከ 30 አምፔር ይጠይቃል። መኪና ቻርጅ በ16 አምፔር ከሆነ 220 ሲባዛ 3,520 ዋት፣ በ32 ከሆነ 7,040 ዋት ነው።

ከዚያ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ያለውን ጻፉ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚረሳው የእንጀራ ምጣዱን ነው። ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። እናታችሁ እንጀራ ስትጋግር እናንተ መኪና ከሰካችሁ፣ ሁለቱ አንድ ላይ 30 አምፔር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናሉ። ከምሰሶ ወደ ቆጣሪ የሚመጣው የአብዛኛው ቤት ገመድ ቀጭን ነው፤ መፍትሔው መኪናውን ከምጣዱ በኋላ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ መሰካት ነው። ብየዳም፣ ኮምፕሬሰርም፣ 32 አምፔር ቻርጅም የሚል ሰው ግን ለመብራት ኃይል ማመልከቻ አስገብቶ የኃይል ጭማሪ ወይም ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ይጠይቅ። ከቆጣሪው በፊት ያለው መስመርና የቆጣሪው ማሸጊያ የእነሱ ነው፤ ማንም «እኔ እችላለሁ» ቢላችሁ አታስነኩ።

ማዘጋጃ ቤትም ካርታችሁን ይዛችሁ ሂዱና ፈቃድ አውጡ። ጎረቤትንም ቡና ላይ ቁጭ ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። ያየሁት የጋራዥ ጠብ ሁሉ የመጣው ከጣሪያ ውሃ ነው፤ የእናንተ ቆርቆሮ ወደ እሱ ግቢ እንዳያንጠባጥብ ተዳፋቱን ወደ ራሳችሁ አድርጉት፣ አሸንዳም ግጠሙለት።

ቦታና መሠረት

ወሎ ላይ ጊዜው ወሳኝ ነው። በልጉ ከየካቲት ጀምሮ ሊመጣ ይችላል፤ ክረምቱ ያው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ቁፋሮና መሠረት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይለቅ።

ለአንድ መኪና የውስጥ ስፋት 3.5 ሜትር፣ ርዝመት 6 ሜትር በቂ ነው። ሲባጎ ወጥራችሁ አራቱን ማዕዘን ካስቀመጣችሁ በኋላ ከጥግ እስከ ጥግ ለኩ፤ ሁለቱም አግድሞሽ 6 ሜትር ከ95 ከመጡ ማዕዘኑ ልክ ነው። የበሩን ከፍታ ስትወስኑ ፖርቶ መጋላውን አስቡ፤ 2.4 ሜትር ለቤት መኪና ይበቃል፣ ሚኒባስ ያለው ሰው ግን መኪናውን ይለካ።

ደሴ ላይ ሜዳ ቦታ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ሌሎቻችን ተዳፋት ቆርጠን፣ የቆረጥነውን አፈር ወደ ታች ደፍተን ሜዳ እናበጃለን። አደጋው እዚህ ነው፦ ጋራዡ ግማሹ በተቆረጠ ጽኑ መሬት፣ ግማሹ በተደፋ አፈር ላይ ከቆመ የተደፋው ይሰምጣል፣ ግድግዳው ከመሀል ይሰነጠቃል። ወይ ሙሉ በሙሉ በተቆረጠው ላይ ይረፍ፣ ወይ በተሞላው በኩል ያለው መሠረት የድሮው መሬት እስኪገኝ ይውረድ። ከበስተጀርባ የሚቀረውን የአፈር ግድግዳ የሚይዝ የድንጋይ ግንብ ከሠራችሁ የውሃ ማፍሰሻ ቱቦ በየ1.5 ሜትሩ አስገቡበት። ግንብ የሚጥለው አፈሩ ብቻ አይደለም፤ አፈሩ ውስጥ የታቆረው ውሃ ነው።

ጥቁር መረሬ አፈር ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ወለልንም ከሥር እያነሳ ይሰብራል። ከወለሉ ሥር ያለውን አውጥታችሁ በማያብጥ ገረጋንቲ ተኩት፤ በየ20 ሳንቲሜትሩ ውሃ እያርከፈከፋችሁ ጠቅጥቁት።

ቦዩ ከወለሉ ይቅደም

መሠረቱ እንደተገነባ፣ ወለሉ ከመሞላቱ በፊት፣ ከቤቱ የብሬከር ሳጥን እስከ ጋራዡ ድረስ ቦይ ቆፍሩ። ጥልቀቱ 60 ሳንቲሜትር፣ መኪና በሚያልፍበት 80 ይሁን። ይህ ለደቦ የሚመች ሥራ ነው፤ አራት ሰው ከረፋድ በፊት ይጨርሰዋል፣ ቡናው ጀባ እየተባለ።

ከሥር 10 ሳንቲሜትር አሸዋ አንጥፉ፤ በላዩ 50 ሚሊሜትር ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ዘርጉ። ቱቦው ሲታጠፍ በሰፊው ይዙር፤ በዘጠና ዲግሪ ክርን ከታጠፈ ወፍራም ገመድ አይጎተትበትም። ሳትቀብሩት በፊት ሲባጎ አስገብታችሁ ሁለቱን ጫፍ እሰሩ፤ ገመዱን ነገ የሚጎትተው እሱ ነው። አጠገቡ አንድ ባዶ ቱቦ ጨምሩ። ዋጋው ኢምንት ነው፤ ኋላ ለካሜራ ወይም ለኢንተርኔት ስትፈልጉት ታመሰግኑኛላችሁ። ከውሃ መስመር ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ይራቅ። በላዩ አሸዋ፣ ከዚያ የጡብ ወይም የብሎኬት ስባሪ ድርድር፣ ከዚያ የማስጠንቀቂያ ላስቲክ፣ ከዚያ አፈር። ሌላ ጊዜ ዶማ የያዘ ሰው መጀመሪያ ጡቡን ያገኛል።

ተዳፋት ላይ ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። ቤቱ ላይ፣ ጋራዡ ታች ከሆነ ቱቦው የውሃ ቧንቧ ይሆናል። የወንድሜ ቱቦ በመጀመሪያው ክረምት ከላይ የገባውን ዝናብ ቀጥታ ወደ ጋራዡ የብሬከር ሳጥን አወረደው፤ ዕድል ሆኖ መብራት ጠፍቶ ነበር። ገመዱ ከተጎተተ በኋላ ሁለቱንም ጫፍ በሲሊኮን ድፈኑ፤ ቱቦውም ወደ ሳጥኑ ከላይ ሳይሆን ከሥር ይግባ። አይጥም በዚሁ ይከለከላል።

ቦዩ ክፍት እያለ የአርዙን፣ ማለትም ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደውን መስመር፣ ነገር ጨርሱ። ከ1.5 እስከ 2.4 ሜትር የሚረዝም የመዳብ ዘንግ ከጋራዡ አጠገብ ይተከላል። በብዙው የደሴ ግቢ ግን ግማሽ ሜትር ሳይወርድ ዓለት ይመታል። እንደዚያ ከሆነ ዘንጉን ቆርጣችሁ አትጣሉ፤ በሰያፍ ሞክሩ፤ ካልሆነ ራቁት የመዳብ ሽቦ በቦዩ ርዝመት ከቱቦው ጎን እርጥብ አፈር ውስጥ ቅበሩ።

በአየር ላይ መዘርጋት የግድ የሆነበት ሰው ገመዱን ከሚሸከም የብረት ሽቦ ጋር ይሰረው፤ ሰው በሚያልፍበት 3.5 ሜትር፣ መኪና በሚገባበት 5 ሜትር ከፍ ይበል። በቆርቆሮ ጠርዝ ላይ የሚያልፍ ገመድ ግን በፍጹም አይሁን፤ ንፋስ ሲያወዛውዘው ቆርቆሮው እንደ ቢላ ይቆርጠዋል።

ወለል፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ

ይህን ማንኛውም ግንበኛ ስለሚያውቀው አላበዛም። 25 ሳንቲሜትር ድንጋይ ተደርድሮ፣ በላዩ የፕላስቲክ ሽፋን፣ ቁጥር 8 ፌሮ በየ20 ሳንቲሜትሩ፣ ከዚያ 10 ሳንቲሜትር ኮንክሪት። ድብልቁ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር። ባለ 50 ኪሎው ከረጢት 35 ሊትር ገደማ ስለሚሆን የመለኪያ ሣጥኑ 50 በ40 በ18 ሳንቲሜትር ቢሆን ይመጥናል። ለዚህ ወለል 2.1 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል፤ 16 ከረጢት ያዙ። ወደ በሩ በየሜትሩ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ያዘቅዝቅ፣ በጠቅላላው 9 ሳንቲሜትር።

የሚሞላበትን ቀን ስትመርጡ ወሎ መሆናችሁን አትርሱ። አርብ ከሆነ በጁምዓ ሰዓት ግማሹ ሠራተኛ መስጊድ ይሄዳል፤ እሑድ ደግሞ ሌላው ግማሽ ቅዳሴ ላይ ነው። ኮንክሪት ቆሞ አይጠብቅም። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት 2 ሰዓት ጀምሩ። ከዚያ ሰባት ቀን ውሃ ይጠጣ፤ ሙቀት ባለባቸው ኮምቦልቻና ሐርቡ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ደሴ ደግሞ ሌሊት ከውርጭ እንዲድን በማዳበሪያ ከረጢት ይሸፈን።

ግድግዳው 2.8 ሜትር ከፍ ካለ ሦስቱ ጎን 43 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ በካሬ 12.5 ብሎኬት ሆኖ፣ ከሚሰበረው ጋር 570 ይበቃል። ከታችና ከላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ የአየር ማስገቢያዎች ተዉ። ብርዳማ ጠዋት በሩን ዘግቶ ሞተር የሚያሞቅ ሰው አውቃለሁ፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አስተኝቶ ነው የሚገድለው። መኪናን ከሥር ለማየት ጉድጓድ ላስቆፍር የምትሉም ተዉት፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ እዚያ ይጠራቀማል፣ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

ለጣሪያ 28 ጌጅ፣ ማለትም 0.4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቆርቆሮ ውሰዱ። 32 ጌጅ ይረክሳል፤ የደሴ በረዶ ግን ያጎደጉደዋል። የላሜራ በር ስታዙ ፊት ለፊታችሁ ዳገት ከሆነ ወደ ውጭ የሚከፈት ተካፋች መሬት ይነካል፤ ተንሸራታች ይሻላል።

ገመዱና ብሬከሩ

እዚህ ጋ ነው ገንዘብ የማይቆጠበው። ከሳሎን ሶኬት በመስኮት ያወጡት ቀጭን ገመድ ጋራዥ አያበራም፤ እሳት ያስነሳል። መስመሩ ከቤቱ ዋና ሳጥን፣ ለብቻው ከተመደበ ብሬከር ይነሳ። ይህን ክፍል የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለው ኤሌክትሪሻን ይሥራው፤ የምጽፈው አጠገቡ ቆማችሁ እንድትጠይቁት ነው።

የገመድ ውፍረት በዓይን አይገመትም። ርቀቱን በ2፣ በአምፔሩና በ0.0175 አባዙ፤ ከዚያ በመዳቡ ካሬ ሚሊሜትር አካፍሉ፤ መንገድ ላይ የሚጠፋውን ቮልት ታገኛላችሁ። ለ25 ሜትርና ለ32 አምፔር በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ 11 ቮልት፣ በ6 ገመድ 4.7 ቮልት፣ በ10 ገመድ 2.8 ቮልት ይጠፋል። የ2.5ቱ ጉዳት የቮልቱ ብቻ አይደለም፤ ያን ያህል አምፔር ስለማይችል ይግላል። ለመብራት፣ ለመሰርሰሪያና ለትንሽ ብየዳ 6 ይበቃል። ሌሊቱን በ32 አምፔር የሚሞላ መኪና ካለ 10 አስገቡ፤ የብየዳ ጭነት ይመጣል ይሄዳል፣ የመኪና ጭነት ግን ለሰዓታት አይለቅም። ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱን ስለሆነ፣ «ቶሎ ቶሎ ይወርዳል» ተብሎ በትልቅ ሲቀየር ገመዱ ራሱ ፊውዝ ይሆናል። ይህን ምክር የሚሰጣችሁ ባለሙያ ካለ በር አሳዩት።

ጋራዡ ውስጥ የሚገጠመው ሳጥን ባለ አሥራ ሁለት ቦታ ይሁን። መጀመሪያ ፌዙንም (ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ገመድ) ኒውትራሉንም (የሚመልሰውን) አንድ ላይ የሚያጠፋ ዋና ማጥፊያ። ቀጥሎ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያመልጥ መስመሩን የሚቆርጠው፣ ሱቅ ውስጥ አርሲዲ የሚባለው፣ 30 ሚሊአምፔር ተብሎ የተጻፈበት፣ «ቴስት» የሚል ቁልፍ ያለው። ቀጥሎ 10 አምፔር ለመብራት በ1.5 ገመድ፣ 16 አምፔር ለሶኬት በ2.5 ገመድ፣ ለብየዳ ወይም ለቻርጅ የራሱ ብቻ የሆነ ብሬከር በ4 ወይም በ6 ገመድ። መኪና ለሚሞላበት መስመር ያለው አርሲዲ «ቢ» ዓይነት ይሁን፣ ቻርጀሩ ራሱ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክን (ዲሲን) የሚለይ መከላከያ ካለው ደግሞ «ኤ» ዓይነት ይበቃል፤ ተራው ከመኪናው የሚመለስ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሲያደነዝዘው ዝም ሊል ይችላል። ቻርጀሩም ከተራ የግድግዳ ሶኬት ጋር ሌሊቱን አይክረም፤ ከቻላችሁ በቀጥታ ይታሰር፣ ካልሆነ ሰማያዊው የኢንዱስትሪ ሶኬት ይገጠምለት።

አሁን የአርዝ ጉዳይ። የሠፈራችን ሰው «ዘንግ ተክያለሁ፣ አርዝ አለኝ» ይላል። ሒሳቡን እንይ፦ ዘንጉ ዓለታማ መሬት ላይ 20 ኦም ቢሰጥ፣ ፌዝ ከላሜራው በር ጋር ሲነካካ የሚፈሰው 220 ለ20 ሲካፈል 11 አምፔር ነው። ባለ 16ቱ ብሬከር 11 አምፔርን እንደ መደበኛ ጭነት ያየዋል፣ አይወርድም። በሩ ኤሌክትሪክ እንደያዘ ያድራል፤ ጠዋት ዝናብ ላይ በባዶ እግሩ የሚከፍተው ልጅ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ሦስቱም ያስፈልጋሉ፦ ከቤቱ ሳጥን ከፌዝና ከኒውትራል ጋር አብሮ የሚመጣ አረንጓዴና ቢጫ ገመድ፣ የጋራዡ ዘንግ፣ እና አርሲዲ። የበሩ ፍሬም፣ የብረት ኮለኑና የጣሪያው ብረት ሁሉ ከአርዙ ጋር ይታሰሩ። ጋራዡ ሳጥን ውስጥ ኒውትራልና አርዝ አንድ ላይ አይነካኩ፤ ከተነካኩ አርሲዲው በረባ ባልረባው ይወርዳል፣ ያኔ አንዱ ብልጥ ነኝ ባይ ይፈታዋል።

ሶኬቶችን ከወለል 1.2 ሜትር ከፍ አድርጉ፤ ከቤንዚን ትነትም፣ ከመኪና እጥበት ውሃም ይርቃሉ። መብራቱን ከጣሪያው መሀል ሳይሆን በሁለቱ ረጅም ግድግዳዎች ላይ ስቀሉ። መሀል ላይ ያለ መብራት ኮፈኑ ሲከፈት የሚያበራው የኮፈኑን ጀርባ ነው።

ከማብራት በፊት

ገና ምንም ሳይሰካ ኤሌክትሪሻኑ የገመድ ሽፋን ኤሌክትሪክ እንዳያሾልክ በሚመረምረው የሜገር መለኪያ በ500 ቮልት ልኮ በገመዶቹ መካከል ከ1 ሜጋኦም በላይ መኖሩን ያሳያችሁ። ከዚያ መብራት ሲለቀቅ በፌዝና በኒውትራል መካከል 220 አካባቢ፣ በፌዝና በአርዝ መካከልም ተመሳሳይ፣ በኒውትራልና በአርዝ መካከል ዜሮ ወይም ጥቂት ቮልት መምጣት አለበት። ኒውትራልና አርዝ መካከል 30 እና 40 ቮልት ካያችሁ የሆነ ቦታ የላላ ማያያዣ አለ፤ እስኪገኝ አትስኩ። ግራይንደሩን አስነስታችሁ ቮልቱን እንደገና ለኩ፤ ከቤቱ ሳጥን ጋር ያለው ልዩነት ከሠራችሁት ሒሳብ እጅግ ከበለጠ ማያያዣዎቹን በካቻቢቴ እንደገና አጥብቁ።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ከፍ ብሎ ሊመጣ ስለሚችል ሳጥኑ ውስጥ የቮልቴጅ መከላከያ አስገቡ፤ ክረምት መብረቅ ሲበዛ ደግሞ ቻርጀሩን ንቀሉ። በየወሩ መጀመሪያ የአርሲዲውን «ቴስት» ተጫኑ። ወዲያው ካልወረደ ጋራዡን አጥፉና በዚያው ቀን ቀይሩት።